«በቅርብ ቀን ኢንሻአላህ» ብለህ የጠፋኸው ወንድሜ



ረመዳን ሊገባ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው በየግሩፑና በየቻናሉ አንድ አይነት ፖስተር ይወጣል። አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም፣ አንድ ጨረቃ፣ አንድ ፋኖስ፣ መሀል ላይ የስልክ ምስል፣ ከላይ በትልቁ «በቅርብ ቀን ኢንሻአላህ»። አዲስ የሶላት ሰዓት አፕ፣ አዲስ የቁርኣን አፕ፣ አዲስ የአዝካር ቦት። ኮሜንቱ በ«ማሻአላህ» እና በ«አላህ ይጨምርልህ» ይሞላል። ረመዳን ይገባል፤ አፑ አይመጣም። ወይም ይመጣና ሸዋል ላይ ይሞታል። በቀጣዩ ዓመት ሌላ ልጅ፣ ሌላ ፖስተር፣ ያው ጨረቃ፣ ያው ፋኖስ።

ዛሬ ላወራ የፈለግኩት ከነዚህ ፖስተሮች ጀርባ ስላሉት ልጆች ነው። እኔም ድረ ገጽ በመስራት የምተዳደር፣ ማታ ደግሞ ላፕቶፔን ከፍቼ ማንም ያላዘዘኝን ነገር የምሰራ ሰው ነኝ። ስለዚህ ከዳር ቆሞ እንደሚተች አትዩኝ። ነገሩን አለስልሶ የሚነግራችሁ ሰው ሞልቷል፤ እኔ ግን አላለሰልሰውም።

ሳይድ ፕሮጀክት የሚባለውን ለማያውቅ ሰው፦ አንድ ዴቨሎፐር አለቃ ሳያዘው፣ ደንበኛ ሳይከፍለው፣ ከደሞዝ ስራው ውጭ በራሱ ሰዓት የሚሰራው ስራ ነው። አዲስ ቋንቋ ይማርበታል፣ እጁን ያፍታታበታል፣ ስራ ሲፈልግ ያሳየዋል። ይህን የሚንቅ ሰው ካለ ታሪኩን አያውቅም። ሊነክስ እ.ኤ.አ በ1991 የአንድ የሄልሲንኪ ተማሪ የግል ስራ ነበር። ፒኤችፒም እ.ኤ.አ በ1994 ራስመስ ሌርዶርፍ የተባለ ሰው ኢንተርኔት ላይ ያስቀመጠውን ሲቪ ስንት ሰው እንዳየለት ለማወቅ ብሎ በጻፋቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች ነው የተጀመረው። ዛሬ ስንቶቻችን ነን በሱ እንጀራ የምንበላው!

ስለዚህ ጠቤ ከሳይድ ፕሮጀክት ጋር አይደለም። ጠቤ ከአንድ መልስ ጋር ነው። አፑ ስህተት እንዳለበት ለልጁ ስትነግረው የሚመልስልህ መልስ አለ። «የግል ፕሮጀክቴ ነው እኮ። በነፃ ነው እኮ። በትርፍ ሰዓቴ ነው እኮ የምሰራው።»

አይደለም ወንድሜ። የግልህ የነበረው ላፕቶፕህ ላይ እያለ ነው። አንዲት እናት ስልኳ ላይ ጭናው በሱ ሰዓት ተነስታ የሰገደች ቀን የግልህ መሆኑ አበቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አማና ነው። አማና ደግሞ የትርፍ ሰዓት አማና፣ የነፃ አማና የሚባል አይነት የለውም።

እ.ኤ.አ በማርች 2016 የሆነውን የሙያው ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ሌፍት-ፓድ የምትባል 11 መስመር ኮድ ነበረች። ስራዋ ከአንድ ጽሑፍ በስተግራ ክፍት ቦታ ወይም ዜሮ መሙላት ብቻ ነው። ባለቤቷ ኮዶቹ ከሚቀመጡበት ድርጅት ጋር ተጣላና አነሳት። ወዲያው በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች ቆሙ፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይቀሩ። መብቱ ነው ብሎ የሚሟገትለት አለ፣ ይሁን። እኔን የሚገርመኝ ግን ስንቱ ተደግፏት እንደነበር ማንም አለማወቁ ነው። ያ እንግዲህ ዜሮ የምትሞላ ኮድ ናት። ያንተዋ ስለ ሱብሒ ነው የምትናገረው!

እስቲ ስለ ሶላት ሰዓት አፕ በደንብ እናውራ፤ ከሁሉም በላይ የሚጀመረውም የሚጣለውም እሱ ስለሆነ።

አብዛኛው ልጅ ሰዓቱን ራሱ አያሰላም። የተዘጋጀ ላይብረሪ ወስዶ የከተማውን ስም ያስገባል፣ የሚወጣውን ቁጥር ያሳያል። ላይብረሪ መውሰዱ ነውር የለውም፤ እኔም እወስዳለሁ። ግን ላይብረሪው አንድ ጥያቄ ይጠይቅሃል፦ በየትኛው ስሌት? ሱብሒ የሚሰላው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ላይ ስትደርስ ነው በሚል ነው። የዓለም ሙስሊም ሊግ ስሌት 18 ዲግሪ ይላል። የግብፁ 19.5። የመካው ኡሙል ቁራ 18.5። የሰሜን አሜሪካው ኢስና 15። አዲስ አበባ ላይ አንድ ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። በ19.5 እና በ15 መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ 18 ደቂቃና ከዚያ በላይ ነው። 18 ደቂቃ ማለት ሱሑር ላይ አንድ ሙሉ ሰሐን ምግብ ነው።

የትኛው ዲግሪ ለሀገራችን ይሆናል የሚለው የዑለማዎች ጉዳይ ነው፣ እኔ እዛ ውስጥ አልገባም። የኔ ጥያቄ ለዴቨሎፐሩ ነው፦ አንተ የትኛውን መረጥክ? ማንን ጠይቀህ? «ዲፎልቱን ነው የተውኩት» ካልከኝ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው መቼ መብላት እንደሚያቆም ያንን ኮድ የጻፈው የማታውቀው ሰው ወሰነ ማለት ነው። አንተም አሳለፍከው። ሙፍቲ ሳትሆን ፈትዋ ሰጠህ፣ ያውም መስጠትህን ሳታውቅ።

ዐስርም እንዲሁ ነው። በሀገራችን የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ ተከታይ አለ። ጥላ የቁመቱን አንድ እጥፍ ሲሆን የሚለውና ሁለት እጥፍ ሲሆን የሚለው በኛ አካባቢ አንድ ሰዓት ገደማ ይራራቃሉ። አፕህ ላይ ይህን የሚመርጥበት ቦታ አለ? ካለስ ሰው እንዲያገኘው አድርገህ ነው ያስቀመጥከው ወይስ አራት ገጽ ውስጥ ቀብረኸዋል?

ደግሞ «ለመላው ኢትዮጵያ» የሚል አለ። ልብ በሉ፣ የሀገራችን ሰዓት የተመሰረተው በ45ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለችው 38.7 አካባቢ ነው። በየዲግሪው 4 ደቂቃ ስለሆነ የአዲስ አበባ እኩለ ቀን በአማካይ 25 ደቂቃ ይዘገያል። ለዚህ ነው ዙህር ልክ 6 ሰዓት ላይ የማይገባው። ያውም ወቅቱ ይለዋወጣል፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፀሐይ መሀል የምትሆነው 6፡09 ገደማ ነው፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ 6፡39 ገደማ። ጅግጅጋ ከአዲስ አበባ 16 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች። ጋምቤላ በዚያው መጠን ትዘገያለች። በጅግጅጋና በጋምቤላ መካከል ከግማሽ ሰዓት በላይ አለ ማለት ነው። የአዲስ አበባን ሰንጠረዥ ይዞ ጋምቤላ የሚያፈጥር ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የሚያፈጥረው። ይህ የሂሳብ ትምህርት አይደለም፣ የሰው ፆም ነው!

የሚያበሳጨኝን ግን ገና አልነገርኳችሁም። «በአማርኛ የተዘጋጀ» ይባልና ስትከፍተው «ሱብሒ 5፡20፣ መግሪብ 6፡40» ይላል። አማርኛ የተባለው የሶላቱ ስም ብቻ ነው። ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። ወሎ ያለች እናት «መግሪብ 6፡40» የሚል ብታነብ ምን ትረዳለች? ቀትር ላይ ነው የምትረዳው። ሱብሒን 5፡20 ብላ የምታነብ ሰው ሌሊት 5፡20 መስሏት ገና ሳትተኛ ልትሰግድ ነው? ይህ ልጅ አፑን ለናቱ አሳይቶ አያውቅም ማለት ነው። ለጓደኞቹ አሳየ፣ እነሱም ዴቨሎፐር ናቸው፣ ዲዛይኑን አደነቁለት፣ አለቀ።

ስራው ከባድ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። የምንጠቀምበት ብራውዘር ራሱ የኢትዮጵያን ቀን መቁጠሪያም የሒጅራውንም ያውቃል፤ በአንድ መስመር ኮድ ታወጣዋለህ። የሀበሻ ሰዓት ላይ ብቻ ነው ስድስት ሰዓት መቀነሱን ራስህ የምትጽፈው። አንዲት ረቂቅ ነገር አለች እርግጥ፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ቀኑ ተቀይሯል ወይስ አልተቀየረም? ፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ቀየረ፣ ሀበሻ ሲነጋ ነው የሚቀይረው፣ በሒጅራው ደግሞ ከመግሪብ ጀምሮ ተቀይሯል። ለሱሑር የሚቀሰቅስ አላርም የምትሰራ ልጅ ይህችን ወረቀት ላይ ሳትጨርሳት ኮድ አትጀምር። አንድ ምሽት ነው የሚፈጅብህ። ፖስተሩ ላይ የፈጀኸው ምሽት ይበቃት ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል።

እ.ኤ.አ በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የአሜሪካ ሚዲያ አንድ ዘገባ አወጣ። ሙስሊም ፕሮ፣ በዚያን ጊዜ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዷል የተባለለት የሶላት ሰዓትና የቂብላ አፕ፣ የተጠቃሚዎቹን ሎኬሽን ኤክስ-ሞድ ለሚባል ድርጅት ሲልክ ተገኘ። ኤክስ-ሞድ ደግሞ መረጃ ነጋዴ ነው፤ ከደንበኞቹ መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሰሩ ተቋራጮች ነበሩ። ሰውየው ቂብላ ፈልጎ «ሎኬሽን ፍቀድ» የሚለውን ነካ። ከዚያ በኋላ የት እንደሚሰግድ፣ የት እንደሚያድር ገበያ ላይ ዋለ። ሙስሊም ፕሮ ዘገባው ሲወጣ ግንኙነቱን አቋርጫለሁ አለ። ሁለት ወር ሳይሞላ ሰላት ፈርስት የተባለ ሌላ የሶላት ሰዓት አፕ ፕሪዲሲዮ ለሚባል የፈረንሳይ ድርጅት ሎኬሽን ይልክ እንደነበር ያው ሚዲያ ዘገበ። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን በኤክስ-ሞድ ላይ እርምጃ የወሰደው፣ ማለትም እንዲህ ያለ ሎኬሽን እንዳይሸጥ የከለከለው፣ እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2024 ነው።

«እኔ መረጃ አልሸጥም» ትለኛለህ። አውቃለሁ አትሸጥም። ግን ነገሩ የሚሆነው እንዴት እንደሆነ ስማ። ሆስቲንጉ ይወደድብሃል። ማስታወቂያ ላስገባ ትላለህ። የማስታወቂያው ድርጅት «ይህችን ኮድ አፕህ ውስጥ ጨምር» ይልሃል። ትጨምራለህ። ኮዷ ምን እንደምትሰበስብ አታውቅም፣ አንብበህም አታውቅም። ከዚያ ቁርኣን በሚቀራ ሰው ስክሪን ስር የቁማር ማስታወቂያ ይመጣል፤ ይህን በዓይናችን ያየነው ነገር ነው፣ የውርርድ ማስታወቂያ ከሱረቱል ካህፍ በታች! ያ እንግዲህ የሚታየው ነው። የማይታየውን አስበው።

አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። የሶላት ሰዓት ለማስላት የሰውየው ትክክለኛ ቦታ ያስፈልግሃል? አያስፈልግህም። የከተማውን ስም ከዝርዝር ውስጥ ይምረጥ፣ በቃ። ደሴ ያለ ሰው ደሴን ይነካል። ለቂብላ እንኳ ከተማዋ ትበቃለች፤ ከዚህ እስከ መካ ባለው ርቀት ከሰፈር ሰፈር ያለው ልዩነት የሚቆጠር አይደለም። የማትሰበስበው መረጃ አይሰረቅብህም፣ አይሸጥብህም፣ የቂያማ ቀንም አትጠየቅበትም።

ደግነቱ በጎ ምሳሌ አጥተን አይደለም። ታንዚል የሚባለውን ፕሮጀክት ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ በ2007 መጀመሪያ ላይ የተጀመረ ነው። ኢንተርኔት ላይ የነበረው የቁርኣን ጽሑፍ ስህተት ይበዛበት ነበር፤ እዚህ ሐረካ ይጎድላል፣ እዚያ ፊደል ይሳሳታል፣ ሰውም ከዚያው ይገለብጣል። የታንዚል ሰዎች አዲስ የቁርኣን አፕ አልሰሩም። አንድ ስራ ያዙ፦ የተጣራ ጽሑፍ ማዘጋጀት። ደጋግመው ፈተሹት፣ ከታተመው ሙስሐፍ ጋር አመሳከሩት፣ ከዚያ ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቁት። ቅድመ ሁኔታቸው አንድ ፊደል እንዳይቀየርበት ነው። ዛሬ ስልክህ ላይ ያለው የቁርኣን አፕ በነሱ ጽሑፍ የሚሰራ ሊሆን ይችላል፣ ስማቸውን ግን ሰምተህ አታውቅም። የሼህ ሙሐመድ ሳዲቅና የሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የአማርኛ ትርጉምም እዚያው ይገኛል። አንዳንዱ ግን ይህን ትርጉም ከዚያ ወስዶ የተርጓሚዎቹን ስም ያነሳና በአፑ መግቢያ ላይ የራሱን ስም በትልቁ ይጽፋል። ምን ልበለው!

ስለ ሙስሊሙና ቴክኖሎጂ በተወራ ቁጥር አል-ኸዋሪዝሚ ይጠራል። «አልጎሪዝም የሚለው ቃል ከሱ ስም ነው የመጣው» እንላለን፣ እናጨበጭባለን፣ እንበተናለን። እውነት ነው፣ ከሱ ስም ነው። ግን በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የአልጀብራ መጽሐፍ ሰፊው ክፍል ምን እንደሆነ ማን አየው? የውርስና የኑዛዜ ሂሳብ ነው። አባት ሲሞት ወንድምና እህት የሚጣሉበት ጉዳይ። ሰውየው የጻፈው ሰው ለሚያስፈልገው ነገር ነው፣ ጽፎም ጨርሷል።

ለኛ ለዴቨሎፐሮች ግን ከሱ ይልቅ የሚቀርበን ኢብኑ ሻጢር ነው። የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፣ ደማስቆ ውስጥ። ስለ ጨረቃና ፕላኔቶች የሰራው ስሌት ከኮፐርኒከስ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ የዛሬ ተመራማሪዎችን የሚያነጋግር ሊቅ ነው። ስራው ምን ነበር? በኡመውዩ መስጂድ ሙወቂት ነበር። የሶላት ሰዓት ጠባቂ። እ.ኤ.አ በ1371 ለመስጂዱ ሚናራ ትልቅ የፀሐይ ሰዓት ሰራ። ያኔ የሶላት ሰዓት ማስላት የትርፍ ሰዓት ጨዋታ አልነበረም፣ መስጂድ ሰው የሚሾምበት ሹመት ነበር። ዛሬ ያንን ሹመት ማንም ሳይሾምህ በራስህ ወስደኸዋል። ወስደህ ደግሞ ረስተኸዋል።

አሁን ወደ ሌላኛው ወገን ልዙር፤ ሁሉንም በልጆቹ ላይ ከጫንኩ ፍትህ አይደለም።

እናንተ «ማሻአላህ» የምትሉ ወንድሞች፣ በየጀማዓው ያላችሁ ሽማግሌዎች፣ ለመስጂዱ መብራትና ለድምፅ ማጉያ ብር ታዋጣላችሁ። ምንጣፍ ሲያረጅ ታዋጣላችሁ፣ አላህ ይቀበላችሁ። ለድረ ገጹ ግን «ለአላህ ብለህ ስራልን» ነው። በኔም ደርሷል፣ ስም አልጠራም፤ ለስድስት ወር ስራ የተከፈለኝ ዱዓ ነው። ዱዓ አልጠላም። ግን ዶሜንና ሆስቲንግ የሚከፈለው በዶላር ነው። አፕል ለአፕ ሰሪዎች በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል፣ ጎግል አንድ ጊዜ 25። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። የልጁ ደሞዝ ግን እጥፍ አልሆነም። ከዚያ ልጁ ማስታወቂያ ሲያስገባ «ዲኑን ነገደበት» ትሉታላችሁ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ማስታወቂያውን ያስገባው ልጁ ብቻ አይደለም፣ እኛም አብረነው አስገብተናል። ኢብኑ ሻጢር እኮ የመስጂድ ሰራተኛ ነበር።

ሌላም አለ። የምናደንቀው ማስታወቂያውን ነው። «አዲስ አፕ ልጀምር ነው» ያለ ልጅ አምስት መቶ ላይክ ያገኛል። «የባለፈው ዓመት አፔ ላይ የጅማ ሰዓት ስህተት ነበረው፣ አስተካከልኩት» ያለ ልጅ ሦስት ላይክ ያገኛል፣ አንዱ የራሱ ነው። ትንሽም ብትሆን የተዘወተረች ስራ እንደምትወደድ የሚያስተምረውን ሐዲስ በየዳዕዋው እንሰማለን፤ ላይካችን ግን የሚሄደው ለጀማሪ ነው። ልጁም ምን ተማረ? መጀመርን። ደግሞ ከሰራህ በፊት ስትመሰገን ነፍስህ ጠግባ ትተኛለች። ሪያእም በዚያ ቀዳዳ ነው የሚገባው፤ ይህን የማውቀው ከራሴ ነፍስ ጋር ስለምታገል ነው።

ስለዚህ ዓመት በመጣ ቁጥር «የዘንድሮ እቅዴ» ተብሎ የሚለጠፈውን ዝርዝር ተዉት። የቁርኣን አፕ፣ የሐላል ምግብ ቤት መፈለጊያ፣ የዘካ ማስያ፣ የትዳር ድረ ገጽ፣ የዐረብኛ ማስተማሪያ፣ በአንድ ልጅ፣ በአንድ ዓመት፣ ከስራ ሰዓት ውጭ! ይህ እቅድ አይደለም፣ ምኞት ነው። የዘካ ማስያ እንኳ ብቻዋን ብትወሰድ፣ የወርቅና የብር ዋጋ በየቀኑ ከየት ታመጣለህ? ኒሷቡን በወርቅ ነው ወይስ በብር የምትለካው? ማን ነግሮህ? የትዳሩንስ ድረ ገጽ አልነካውም፤ የእህቶቻችንን ፎቶና ስልክ ቁጥር በተከራየኸው ሰርቨር ላይ አስቀምጠህ በሦስተኛው ወር የምትረሳው ከሆነ ዛሬውኑ ተወው።

«አንተስ?» የሚል አይጠፋም። እኔ አንዲት ገጽ አለችኝ። የሰፈሬን መስጂድ የአዛንና የኢቃማ ሰዓት ታሳያለች። ለአንድ መስጂድ ብቻ። ሎኬሽን አትጠይቅም፣ መስጂዱ አይንቀሳቀስማ። ሰዓቱ በሀበሻ ነው። ሱብሒ በስንት ዲግሪ እንደተሰላ ከስር ተጽፏል፣ የመረጡትም ኢማሙ እንጂ እኔ አይደለሁም። ኢቃማውን ሙአዚኑ ራሱ ከስልኩ ይቀይረዋል። ዘንድሮ ሁለት ነገር ልጨምርባት አስቤያለሁ። አንደኛ፣ ኔት ሲጠፋ እንድትሰራ፤ አንዴ የከፈታት ሰው የወሩ ሰዓት ስልኩ ላይ እንዲቀርለት ነው፣ ኔት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ የዶሜኑንና የሆስቲንጉን የይለፍ ቃል ሌላ አንድ ታማኝ ልጅ እንዲይዘው። እኔ ብታመም፣ ብሰደድ፣ ብሞት ገጿ አብራኝ እንዳትቀበር። ኢንሻአላህ ይኸው ነው እቅዴ። ፖስተር የለውም።

አሁን አፑን ለቆ ለጠፋው ወንድሜ። ጎግል ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ አፕን አዲስ አንድሮይድ ለያዙ አዲስ ሰዎች ማሳየት ያቆማል፤ አንተ ግን «በቃ ጠፍቷል» ብለህ እንዳትተኛ። ከዚህ በፊት የጫኑት ሰዎች ስልክ ላይ አሁንም አለ። አሁንም አዛን ይላል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ክፈተውና የከተሞቹን ሰዓት አንድ በአንድ አመሳክር። የተሳሳተ ካለ አስተካክለህ ልቀቅ። የማስታወቂያ ኮድ ካለበት አውጣው። ከዚህ በኋላ የማትቀጥል ከሆነ በመጨረሻው እትም መክፈቻ ላይ በግልጽ ጻፈው፦ «ይህ አፕ ከዚህ በኋላ አይታደስም፣ ሰዓቱን ከመስጂዳችሁ አረጋግጡ።» ኮዱን ጊትሃብ ላይ ክፍት አድርገው፣ የተጠቀምክበትን ስሌትና የጠየቅከውን ዓሊም ስም ጨምረህ። ማስተካከልም ማሳወቅም የማትችል ከሆነ ከፕሌይ ስቶር ላይ አንሳው፤ ያሉህንም ተጠቃሚዎች በቻናልህ እንዲያጠፉት ንገራቸው።

ስራውን የሚረከበው ያጣ ወንድም ወይም እህት ካለ ከታች በኮሜንት ይጻፍልን፣ የምን አፕ እንደሆነና በምን ቋንቋ እንደተሰራ ብቻ። መረከብ የሚፈልግም ይጻፍ። አዲስ ሀሳብ ያለው ግን ለዛሬ ይቆይልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።